እንቁላሉን አጥቦ የሚበላ ልጅ

በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የምግብ ዝግጅት ቡድኑ ያቀረበው ንግግር



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ዶሮ ነው። የበዓል ዶሮ ወጥ እንዴት እንደሚሠራ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ስለሚሆንብን እሱን እንተወው። የምንነግራችሁ በአዘቦት ቀን፣ ከሥራ ደክመን ገብተን፣ ምግብ ለሚመርጡ ልጆቻችን ስለምናቀርበው ቀላል የዶሮ እራት ነው።

ነገሩ የተጀመረው ግን ከበዓል ነው። የፋሲካ ማግስት ቡና ላይ ተሰብስበን ስንጫወት አንዷ እህታችን እንዲህ አለችን፦ «ሌሊቱን ሙሉ ሽንኩርት ሳቁላላ አድሬ ልጄ ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? እንቁላሉን ከወጡ አውጥቶ ቧንቧ ሥር ወስዶ አጥቦ በላው። ሥጋውን ዞር ብሎም አላየው።» ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ሲበርድ ግን አንዷ «የእኔም እንደዚያው ናት» አለች። ሌላዋ «የእኔ እንጀራውን ከዳር ከዳር ወጥ ያልነካውን እየቆረሰ ነው የሚበላው» አለች። ሦስተኛዋ ደግሞ ልጇ ከደረቅ ዳቦና ከሻይ በቀር ምንም እንደማይቀምስ፣ ማታ ማታ ቤቷ የለቅሶ ቤት እንደሚመስል ስትነግረን እንባዋ መጣ። ሳቁ እዚያ ላይ ቆመ።

ያን ቀን አንድ ነገር አስተዋልን። እንቁላሉን ያጠበው ልጅ ዶሮ አልጠላም። የጠላው በርበሬውን ነው። እኛ ግን «ዶሮ እንኳ አይበላም» ብለን ለጎረቤት ስናወራበት፣ እሱም እየሰማን፣ ስንት ጊዜ አለፈ!

እናንተ እህቶቻችን እንድታውቁልን የምንፈልገው መጀመሪያ ጥፋታችንን ነው። ልጅ አልበላም ሲል ምን እናደርግ ነበር? መጀመሪያ እንለማመጣለን። ቀጥሎ እናስፈራራለን፣ «ጅብ ይመጣል» እንላለን። ቀጥሎ ስልክ ከፍተን፣ ልጁ ፊልሙን ሲያይ አፉ ውስጥ እንከታለን። እምቢ ካለ አፍንጫውን ይዘን ያጎረስን አለን። የመታንም አለን። በመጨረሻ ሲያለቅስ ያሳዝነንና ብስኩት እንሰጠዋለን። ልጁም የተማረው ነገር ቢኖር «አልበላም ብዬ ካለቀስኩ ብስኩት አለ» የሚለውን ነው።

አባቶቻችን «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» ይላሉ። ይህ ለእንግዳና ለወዳጅ እውነት ነው። ተጎራሹ ትልቅ ሰው ነው፣ ቢጨንቀውም ይስቃል። ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ግን ሲያስጨንቀው ፍቅር መሆኑን አያውቅም። የሚያውቀው ማዕድ ሲቀርብ የሚያስፈራ ነገር እንደሚመጣ ነው። ስለዚህ በቡድናችን የመጀመሪያውን ውሳኔ ወሰንን፦ ልጅ አፉን ካልከፈተ በግድ አይጎረስም።

የጤና ጣቢያ ባለሙያዋን ስንጠይቃትም ያበረታችን ይህንኑ ነው። ከሁለት ዓመት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ዕድሜ ልጆች አዲስ ምግብ መፍራታቸው የተለመደ የዕድገት ጠባይ እንደሆነ ነገረችን። አንድ ልጅ አዲስ ምግብ ለመቀበል ከስምንት እስከ አሥራ አምስት ጊዜ ድረስ ማየትና መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። እኛ ግን ሁለት ጊዜ ሞክረን «አይወድም» ብለን እንዘጋው ነበር። ኤለን ሳተር የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ምግብ ባለሙያም በዚህ ነገር የታወቀ መመሪያ አላት። ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት እንደሚቀርብ የሚወስነው ወላጅ ነው፤ መብላቱንና ምን ያህል እንደሚበላ የሚወስነው ደግሞ ልጁ ነው ትላለች። መጀመሪያ ስንሰማው «ታዲያ በረሃብ ሊያድር ነው?» ብለን ተቃወምን። ስንሞክረው ግን ሥራችን ግማሹ ቀለለልን። የእኛ ድርሻ ጥሩ ምግብ በሰዓቱ ማቅረብ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የልጁ ነው።

ለምን ዶሮ መረጣችሁ ትሉን ይሆናል። በእ.ኤ.አ. 2019 በአገራችን የተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ 100 ልጆች 37ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። ይህ ልጅ ምግብ ስለመረጠ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ድህነት አለበት፣ ንጹሕ ውኃ ማጣት አለበት፣ ሕመም አለበት። ነገር ግን ከምክንያቶቹ አንዱ ልጆቻችን ከእንጀራና ከዳቦ ሌላ እንደ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ያለውን ምግብ እምብዛም አለማግኘታቸው ነው። ዶሮ ደግሞ ሥጋው ለስላሳ ነው፣ ለትንሽ ጥርስ ይመቻል፣ ቶሎ ይበስላል። ባህላችን ዶሮን ለበዓል፣ ፈረሰኛውን ለአባወራ፣ ሌላውን ለእንግዳ አድርጎ ኖሯል። ለልጅ ክንፍ፣ ለእናት ደግሞ ከድስቱ ሥር የተረፈው ቁሌት ይደርሳል። እኛ አሁን የምንለው አንዱ ዶሮ በዓል ሳይጠብቅ፣ ሳይቃጠል፣ ልጆቹም እናትየዋም እኩል የሚቀምሱት ይሁን ነው።

አንድ ዶሮ ለሦስት ማታ

ያወጣነው ዘዴ ይህ ነው። አንዱን ዶሮ እሑድ ማታ እንቀቅላለን፤ እሑድ፣ ሰኞና ማክሰኞ እንበላዋለን። ረቡዕ ጾም ነው፤ ለሚጾመው ቤት ሳይተርፍ ያልቃል ማለት ነው።

አንድ ኪሎ ከሩብ ያህል የሚመዝን፣ ተበልቶ የጸዳ የፈረንጅ ዶሮ ይበቃል። በረዶ ከሆነ ቅዳሜ ማታ ከላይኛው ወደ ታችኛው ፍሪጅ እናወርደዋለን። ሙሉውን በትልቅ ድስት አድርገን እስኪሸፍነው ውኃ እንጨምራለን። ለሁለት የተከፈለ ሽንኩርት፣ ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ዝንጅብል፣ አንድ ካሮትና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው እንከታለን። ሲፈላ አረፋውን ገፍፈን እሳቱን እንቀንሳለን። ከ45 እስከ 50 ደቂቃ ይበቃዋል። የሐበሻ ዶሮ ከሆነ ግን ሥጋው ጠንካራ ነውና ሁለት ሰዓት ድረስ ሊፈልግ ይችላል፤ ከሰል ለምትጠቀሙ ይህን አስቡበት። ዶሮው መብሰሉን የምናውቀው ጭኑ አጥንቱ ድረስ ሲወጋ የሚወጣው ውኃ ንጹሕ ሲሆንና አጥንቱ ሥር ቀይ ሥጋ ሲጠፋ ነው። በርበሬ አልገባም፣ ቅቤ አልገባም። እዚህ ላይ ብዙ እህቶች «ይሄማ የበሽተኛ ምግብ ነው» ይሉናል። ትዕግሥት አድርጉ።

እሑድ፣ ዶሮ በሩዝ። አንድ ሽንኩርት አድቅቀን በትንሽ ዘይት፣ ሳይጠቁር፣ ለስለስ እስኪል እናቁላላለን። የሻይ ማንኪያ ግማሽ እርድ እንጨምራለን። ሁለት ብርጭቆ የታጠበ ሩዝ ከትተን ካማሰልን በኋላ አራት ብርጭቆ የዶሮውን መረቅ እናፈስበታለን። ከድነን በለዘብታ እሳት 20 ደቂቃ ያህል እንተወዋለን። የሁለቱን እግርና ጭን ሥጋ በእጃችን ዘርዝረን ከላይ እንጥልበታለን። የጭን ሥጋ ከደረቱ ይልቅ ብረትና ዚንክ ይበዛበታል፤ ደግሞም አይደርቅም፤ ሥጋ ማኘክ የሚሰለቸው ልጅ ይወደዋል። ለአዋቂዎቹ ሚጥሚጣውና ዳጣው ለብቻው በትንሽ ሳህን ይቀርባል። እዚህ ጋ ነው ትልቁ ቁም ነገር፦ የሚያቃጥለውን ከድስቱ አውጥተን ወደ ገበታው ካመጣነው አንድ ድስት ለሁሉም ይበቃል። ለልጅ ሌላ፣ ለአባት ሌላ እየሠራን ሁለት ጊዜ አንደክምም።

ሰኞ፣ የዶሮ አልጫ። ይህ ከሥራ ገብተን ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው። ሁለት ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በአንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ይቁላላል። እርድ ይጨመራል፣ ሁለት ብርጭቆ መረቅ ይፈስበታል። ሲወፍር የደረቱን ሥጋ ዘርዝረን እንከታለን፤ በደንብ እንዲፈላ አድርገን እናወጣለን። ከእኛ አንዷ ፍትፍት አድርጋ ብታቀርበው ልጇ አልነካም አላት። በሚቀጥለው ጊዜ አልጫውን በአንድ በኩል፣ እንጀራውን ደረቁን ጠቅልላ በሌላ በኩል አደረገችለት። ራሱ እያጠቀሰ በላ። አንዳንድ ልጅ የሚጠላው ጣዕሙን አይደለም፤ የራሰ እንጀራ በጣቱ ላይ ሲጣበቅ ነው። ለይቶ ማቅረብ ምንም ወጪ የለውም።

ማክሰኞ፣ ሾርባ። ክንፉን፣ ጀርባውንና የተጠራቀመውን አጥንት ከቀረው መረቅ ጋር ትንሽ ውኃ ጨምረን ግማሽ ሰዓት እናፈላለን። ከዚያ እናጠልለዋለን። ማጥለሉን አደራ፣ የዶሮ አጥንት ስስና ሹል ስለሆነ ትንሽ ልጅ ያንቃል። ከአጥንቱ ላይ የተለቀመውን ሥጋ እንመልሳለን። ሦስት ድንች፣ ሁለት ካሮትና ግማሽ ብርጭቆ ቅንጬ ጨምረን እስኪበስል እንቀቅላለን። ከዳቦ ጋር ይቀርባል። ካሮቱን በእጃቸው የሚለቅሙ ልጆች ካሉ ካሮቱ ተፈቅፍቆ ይግባ፤ ነገር ግን አንደብቅባቸው። ሲጠይቁ «ካሮት አለበት» እንበል። ልጅ አንዴ እንደተታለለ ካወቀ ሾርባውን ሁሉ ይጠረጥራል።

ፍሪጅ ለሌለን

«ፍሪጅ የለኝም፣ ለሦስት ቀን ምን አስቀምጬ?» ያላችሁን እህቶች ብዙ ናችሁ። ልክ ናችሁ። የበሰለ ዶሮ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም። ለዚህ ያገኘነው መላ የዶሮ ዕቁብ ነው። ሦስት ጎረቤታሞች በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ። ዶሮው ሲገዛ አንዷ ቤት በትልቁ ድስት ይቀቀልና ያንኑ ማታ ሦስቱ ቤት ይካፈሉታል። ለአንዷ እግሩና ጭኑ፣ ለአንዷ ደረቱ፣ ለሦስተኛዋ ክንፉና አጥንቱ ከብዙ መረቅ ጋር ይደርሳል። ሩዝ፣ አልጫ ወይም ሾርባ ይሆናል፤ በዚያው ማታ ይበላል። በሚቀጥለው ዙር አጥንት የደረሳት እግር ይደርሳታል። ማንም አይቀየምም፣ ምክንያቱም ተራው በደብተር ተጽፏል። ከማኅበሩ የብድር ገንዘብ አንድ ብር አልነካንም፤ ይህን ለጋሾቻችንም እንድታውቁልን እንወዳለን። ከእናንተ ያገኘናቸው ትልልቆቹ ድስቶች ግን በየሳምንቱ ሥራ ላይ ናቸው፤ እናመሰግናለን።

ስለ እርድም እንነጋገር፤ በማኅበራችን ክርስቲያንም ሙስሊምም አለን። በመጀመሪያ አንድ ላይ አንድ ዶሮ ልንገዛ አስበን ነበር። ከዚያ ማንም ሳያፍር በግልጽ ተነጋገርንና የሙስሊም እህቶቻችን ዶሮ በእነሱ ሥርዓት፣ የክርስቲያኖቹ በእነሱ ሥርዓት ታርዶ በሁለት ድስት እንዲሠራ ተስማማን። ከሱቅ የታሸገ ስንገዛም ማን እንዳረደው ጠይቀን ነው። ሙያው፣ ምድጃውና ጨዋታው ግን አንድ ነው።

የጾም ሰሞንም ጥያቄ አለ። ትንንሽ ልጆችን ጾም እንደማያስገድዳቸው የሃይማኖት አባቶች ራሳቸው ያስተምራሉ። ነገር ግን የምትጾም እናት «ዕቃዬ ይነካካብኛል» ብላ ለልጇ መሥራት ትተዋለች። በሁዳዴ ሃምሳ አምስት ቀን ልጁ ሳይጾም ጾመ ማለት ነው። የእኛ መፍትሔ ቀላል ነው፤ ለልጅ ብቻ የምትሆን አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ሳህን ለይቶ ማስቀመጥ። ዶሮ ባይገኝ እንኳ በዚያች ድስት እንቁላል ይቀቀላል።

የተማርናቸው ጥቃቅን ነገሮች

ጥሬ ዶሮ የተቆረጠበት ቢላና መክተፊያ በሳሙና ሳይታጠብ ሰላጣ ወይም ዳቦ አይነካውም። እጃችንም እንደዚያው። ይህን የምንለው ልጁ ሆዱን ከታመመ ዶሮውን ዳግመኛ እንደማይቀምሰው ስላየን ነው።

ከእራት በፊት ባለው ሁለት ሰዓት ብስኩትና የታሸገ ጭማቂ አይሰጥም። ጠግቦ የመጣን ልጅ «ምግብ ይመርጣል» ማለት እኛኑ ያስቀልላል። ሻይም ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ከምግቡ የሚወስደውን ብረት ስለሚቀንስ ለሌላ ሰዓት ይቆይ።

መጀመሪያ ትንሽ ይቅረብ። ሁለት ማንኪያ ሩዝና የጣት ጫፍ የምታህል ሥጋ ትበቃለች። ትልቅ ሳህን ልጅን ያስፈራል። «ጨምሪልኝ» ሲል የሚሰማንን ደስታ እናንተም ታውቁታላችሁ። ከእያንዳንዱ ማዕድ ላይ ደግሞ ልጁ እንደሚበላው የምናውቀው አንድ ነገር፣ ዳቦም ቢሆን እንጀራ፣ አይጠፋም። ሌላ ምግብ ግን ለብቻው አይሠራለትም።

ልጁ ከሥራው ይካፈል። አራት ዓመት የሞላው ልጅ ሩዝ ያጥባል፣ የቀዘቀዘ ሥጋ ይዘረዝራል። ሲዘረዝር አንዷን ወደ አፉ ይወስዳታል። እኛ ያላየን መስለን እናልፋለን።

በመጨረሻም እናት ከልጇ ጋር ትቀመጥ። ቆመን እያሳለፍን፣ የተረፈውን ድስት ሥር ሆነን እየበላን ልጅ እንዲበላ መጠበቅ ከባድ ነው። ልጅ የሚበላው ሲበላ ያየውን ነው። ይህን ደንብ ማክበር ከሁሉም በላይ የከበደን እኛን ራሳችንን ነው። ከልጅነታችን ቁጭ ብለን እንድንበላ ያስተማረን ስለሌለ እስካሁንም በየመሐሉ እየተነሣን እንገኛለን።

ያልሆነልን

ሁሉም ተሳካ ብለን ብንነግራችሁ እናታልላችኋለን። እንቁላል የሚያጥበው ልጅ አሁን አልጫውን ይበላል፤ ሩዙን ግን እስካሁን አይነካም። ቧንቧ ሥር መሄዱን ትቷል፤ እናቱ ለበዓል ሁለት እንቁላል ከወጡ ውጭ ታስቀርለታለች። የዳቦና የሻዩ ልጅ ደግሞ ለብዙ ሳምንታት በዘዴያችን ምንም ለውጥ አላሳየም። እናቱ አፈር ሲቅም እንዳየችው ስትነግረን ነው ነገሩ የምርጫ ጉዳይ እንዳልሆነ የጠረጠርነው። ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ ደሙ አንሶ ተገኘ። መድኃኒት ጀምሮ ሲሻለው የምግብ ፍላጎቱ ቀስ በቀስ ተመለሰ። በመጀመሪያ ያጽናናናት «ልጅ ነው፣ ይተወዋል» ብለን ነበር፤ ጊዜ አስፈጅተንባታል። ስለዚህ ልጃችሁ ክብደት ከቀነሰ፣ ሲውጥ ከታነቀ ወይም ካመመው፣ አፈር ከበላ፣ ፊቱ ከገረጣና ከደከመው፣ ጎረቤትም ሆነ እኛን አትጠብቁ። ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ዶሮ ዛሬም ውድ እንደሆነ እናውቃለን። በየሳምንቱ ግዙ አንልም። በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሦስት ሆናችሁ፣ አንድ ዶሮ ሞክሩ። ዕቁቡን መጀመር የምትፈልጉ ከስብሰባው በኋላ ደብተሩ ላይ ስማችሁን አስመዝግቡ። ጎረቤቶቻችሁንም አስቡ፤ በግቢያችሁ ማታ ማታ የሚያለቅስ ልጅ ካለ እናቱ ናት መጀመሪያ የምትጠራው። እኛን አንድ ቀን ቡና ላይ አንዷ እህታችን ባታለቅስ ኖሮ ዛሬ እዚህ አንቆምም ነበር።